ተራህ ሲደርስ ማንን ትጠራለህ?

መረጣ ሲያዩት ቀላል ነው። አራት ሰው ጠረጴዛ ይከባል፤ እጣ ይወጣል፤ ተራ የደረሰው ከኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ አንድ ተጫዋች ይጠራል። አንዴ የተጠራ ስም ለሌላው አይሆንም። እያንዳንዱ 11 ሰው ከሞላ በኋላ አራቱ ቡድኖች ወረቀት ላይ ይፋጠጣሉ፤ ዳር ሆኖ ቡናውን ሲጠጣ የቆየው ሰው ይፈርዳል። እኔ አሶሳ ውስጥ የዚህ ጨዋታ መዝገብ ያዥ ነኝ። ስም እጽፋለሁ፣ ተራ አስከብራለሁ፣ ክርክር ሲከር እገላግላለሁ፣ ሰው ሲጎድል ደግሞ ራሴ ገብቼ እመርጣለሁ። መዝገብ ይዞ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገለጥለታል፤ ብዙ ስም የሚያውቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ተሸናፊ ነው።

ስም አዋቂ የሚወደውን ይጠራል። ጎበዝ መራጭ ሊያልቅበት ያለውን ይጠራል። በእኛ አገር ታሪክ አጥቂ ሞልቷል። መንግሥቱ ወርቁን ቢቀድሙህ ሙሉጌታ ከበደ አለ፤ እሱም ቢሄድ ዮርዳኖስ ዓባይ፣ ጌታነህ ከበደ፣ አዳነ ግርማ፣ አቡበከር ናስር ተሰልፈው ይጠብቁሃል። ግራ መስመር ተከላካይ ጥራ ስትባል ግን አበባው ቡጣቆ ከተወሰደ በኋላ ጠረጴዛው ዝም ይላል፤ አንዱ ጣሪያ ያያል፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። በረኛ ላይማ የባሰ ነው። ጀማሪዎች በሦስት ዙር ሦስት አጥቂ ሲያፍሱ፣ ልምድ ያለው ሰው ድምፁን አጥፍቶ ደጉ ደበበን ከመሐል ተከላካይ ያቆማል፣ በረኛውን ይይዛል፣ ከዚያ የተረፈውን አጥቂ በእርጋታ ይለቅማል። የተረፈው አጥቂ ደግሞ መቼም መጥፎ አይሆንም።

ተራውም የራሱ ስሌት አለው። እኛ ዘንድ ተራ እየተገለበጠ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ዙር አንደኛ የጠራ በሁለተኛው መጨረሻ ይጠራል። አራተኛ የደረሰው በአንጻሩ ሁለት ስም በተከታታይ ይጠራል። ስለዚህ አንደኛ የወጣ ሰው አንዱን ከወሰደ በኋላ እንደገና እስኪደርሰው ስድስት ስሞች ከፊቱ ይሄዳሉ። እጣ ሲወጣ አንደኛ የደረሰው እልል ይላል። እኔ ብሆን አራተኛውን ወንበር እመርጣለሁ፤ ሁለት ሰው አጣምሮ መያዝ፣ ለምሳሌ አማካይና የመሐል ተከላካይን አንድ ላይ ማስገባት፣ አንድ ትልቅ ስም ይዞ ስድስት ሲሄዱ ከማየት ይሻላል። በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር የሚስማማ ሰው ጥቂት ነው፤ አልተጨነቅኩበትም።

ጨዋታው የሚደራው በክረምት ነው። አሶሳ ላይ ዝናቡ ረጅም ነው፤ ግንቦት ገብቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ነጎድጓዱ መብራቱን ይዞት ሲሄድ የዲኤስቲቪ ቤቱ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊ ከነማልያው ወደ ጀበናው ጠጋ ይላል። ሜሲን ልምረጥ የሚል ወጣት ሁልጊዜ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፤ ሜሲን ዓለም ሁሉ መርጦታል፣ እዚህ ያንተ እውቀት አያስፈልግም።

ወግ ያለው ነገር ከጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ነው። አሶሳ ብዙ ዓይነት ትዝታ የተሰበሰበባት ከተማ ናት። በርታው አለ፣ ዘመዶቹ በኩርሙክ በኩል ሱዳን ድረስ የተዘረጉ። ከመተከል የመጣ ሺናሻና ጉሙዝ አለ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ መጥተው በቁጥር በሚጠሩት መንደሮች የሠፈሩ ሰዎች ልጆች አሉ። ከሸዋ የተመደበ መምህር፣ ከወለጋ የመጣ ነጋዴ አለ። እያንዳንዱ የሚጠራው ስም ከየት እንደሰማው ይመሰክርበታል። አንድ የበርታ አዛውንት ሱዳን በ1962 ካርቱም ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችበትን ቡድን ተጫዋቾች ካልመረጥኩ ብለው ይሞግቱኝ ነበር። ደንቡ አይፈቅድም አልኳቸው። ደንቡን ማን አወጣው አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ሳቁና ቡናቸውን ጠጡ፤ ክርክራቸው ግን ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ፤ ሰው የሚመርጠው በሰማው ሬዲዮ ነውና።

ይህን ተራ በተራ የመጥራት ዘዴ ያመጣልን እግር ኳስ አይደለም፤ ሬስሊንግ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2002 የአሜሪካው የሬስሊንግ ድርጅት ተፋላሚዎቹን ሮውና ስማክዳውን በሚባሉ ሁለት ዝግጅቶች ሲከፍል፣ ቪንስ ማክማሃንና ሪክ ፍሌር እየተፈራረቁ ስም ጠሩ። መጀመሪያ የተጠራው ሮክ ነበር፤ ቀጥሎ አንደርቴከር። ያ ቅጂ ቪዲዮ ቤት ሲደርስ የዚያ ዘመን ልጆች ግጥሚያውን ትተው ምርጫውን ያዙ። ሜዳ ላይ ቡድን ስንከፍል የለመድነው ነገር ስለነበር ለመማር ጊዜ አልፈጀም። ብዙ ቆይቶ ነው ሬስለሮቹ ወጥተው የእግር ኳስ ሰዎች የገቡበት፤ እስከ ዛሬም በዓመት አንዳንዴ ለትዝታ የሬስሊንግ መረጣ እናደርጋለን።

የሬስሊንግ መረጣ ትልቅ አስተማሪ ነው። ውጤቱ አስቀድሞ እንደሚወሰን ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ማን ይበልጣል ብሎ ለመከራከር ምን መለኪያ አለ? የተቆጠረ ድል መለኪያ አይሆንም፤ ድሉን የሰጠው ጸሐፊ ነው። የሚቀረው ያሳመነህ መጠን ነው። አንደርቴከር በሬስልማኒያ መድረክ 21 ጊዜ ሳይሸነፍ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ብሮክ ሌስናር ሲጥለው፣ ነገሩ የተጻፈ መሆኑን የሚያውቀው ሕዝብ አፉን ይዞ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሐልክ ሆጋን አንድሬ ዘ ጃይንትን አንስቶ ሲያፈርጠው ያ ሁሉ ክብደት ከመሬት ሲነሳ ያየ ሰው ማን አሸነፈ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ በሬስሊንግ መረጣ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ይህ ሰው ሲገባ ከወንበርህ ተነስተሃል ወይስ አልተነሳህም? የተነሳ ይምረጠው።

አንድ ጊዜ ከልጆቹ አንዱ አፍሪካዊ ብቻ እመርጣለሁ ብሎ ካማላን ጠራ፤ የኡጋንዳው ግዙፍ ሲባል የኖረውን። ካማላ ጄምስ ሃሪስ የሚባል የሚሲሲፒ ሰው ነበር፤ ኡጋንዳዊነቱን የሰጠው ጸሐፊ ነው። እውነተኛው አፍሪካዊ ኮፊ ኪንግስተን ጋና ተወልዶ፣ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ጃማይካዊ ነው ተብሎ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ዳንኤል ብራያንን ጥሎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ግን ጋናዊነቱ ወጥቶ ነበር። ከሚሲሲፒ ኡጋንዳዊ፣ ከጋና ጃማይካዊ እየተሠራ የሚሸጥበት ሥራ ነው። ልጁ ካማላን አልመለሰም። ስላሳመነኝ ነው አለ፤ ደንቡም ይፈቅድለታል።

ሬስሊንግ ውሸት ነው ብሎ የሚስቅ ሰው ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስለ 1954ቱ ቡድን በዓይኑ እንዳየ ይናገራል። የእግር ኳሱ መረጣ ትልቁ ፈተና ይህ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ ከጭማሪ ሰዓት በኋላ 4 ለ 2 አሸንፋ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ወሰደች። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ትንሽ ሲቀር አቻ ያደረገው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በጭማሪው ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ዋንጫውን ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ይህን ያህል ሁላችንም እናውቃለን። ከጠረጴዛው ያን ጨዋታ ስታዲየም ገብቶ ያየ አንድም ሰው የለም።

ስለዚህ መዝገቡ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። መራጩ በዓይኑ ያየውን ተጫዋች ሲጠራ ነጥብ፣ የሰማውን ሲጠራ ሰረዝ፣ ያነበበውን ሲጠራ ክብ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ተቆጡ፤ ፖሊስ ነህ እንዴ አሉኝ። በኋላ ግን ራሳቸው ስም ሲጠሩ ቀድመው «ሰረዝ ነው» ይሉኝ ጀመር። ገጾቹን መልሶ ለሚያገላብጥ ከ1980 በፊት ያለው ሁሉ ሰረዝና ክብ ነው። ሌላም ነገር ይታያል፤ ሰረዝ ያለበት ተጫዋች ኳስ አይስትም። አባት ለልጁ የሚነግረው ያገባውን ነው፤ የሳተውን ማን ይተርካል? ነጥብ ያለበት ተጫዋች ግን ከነጥፋቱ ነው የሚመጣው።

ሳላዲን ሰይድን ውሰዱ። ሳላዲን ከክልላችን ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የወጣ ነው፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ ግብፅ ዋዲ ደግላ፣ ቤልጂየም ሊርስ፣ ከዚያም አል አህሊ ደረሰ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ አንዱን አዳነ ግርማ፣ አንዱን ሳላዲን አገቡ። በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ነው ያለፍነው። ቀጥሎ በዋንጫው ውድድር ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ቀኑ ጥር 13 ነበር፣ ዋንጫ ካነሳንበት ቀን ልክ 51ኛ ዓመት። ሳላዲን የፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ በረኛው ምዊኔ አዳነበት። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ 1 ለ 1 አለቀ። ይህን ሁሉ አይተናል። አሁን መራጩ ሳላዲንን ሲጠራ ተቃራኒው ወዲያው «ፔናልቲውስ?» ይለዋል። መንግሥቱ ወርቁ ሲጠራ ፔናልቲውስ የሚል የለም። መንግሥቱ በዕድሜው አንድም ፔናልቲ አልሳተም ማለት ነው? ሊሆን አይችልም፤ ሲስት ያየው ሰው ጠረጴዛችን ጋ አልደረሰም እንጂ።

ለዚህ የምጠቀምበት ዘዴ አለኝ። ያላየሁትን ተጫዋች የምመርጠው ወሬው ሁሉ ቢቀነስ የሚቀር አንድ ጠንካራ ነገር ሲኖረው ነው፤ የተመዘገበ ግብ፣ ዋንጫ፣ የአምበልነት ክንድ። መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫዎች አሥር ግብ አለው፤ ይህ ወሬ አይደለም። ሉቺያኖ የብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫችን አምበል ነው፤ ይህም ወሬ አይደለም። ሌላ ስም ሲጠራ «አስማተኛ ነበር» ብቻ ከሆነ ማስረጃው፣ ሰረዙን አድርጌ ዋጋውን በልቤ እቀንሳለሁ።

ሬዲዮ ግን ሰረዙን ያወሳስብብኛል። ታኅሣሥ 1980 አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ፣ አገሩ ያየው በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። ከወሎ በሠፈሩት መንደሮች ከአንዱ የመጡ አባባ የዚያን ቀን መለያ ምቶች በቅደም ተከተል ይተርካሉ፤ የመቺውን እርምጃ፣ የሕዝቡን ጩኸት፣ የጋዜጠኛውን ትንፋሽ ሳይቀር። አዲሱ ቀዬ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ መንደሩ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ቆሞ ሰማ ይላሉ። ሰምተው ነው ወይስ አይተው? አንድ ቀን ሰረዝ ላደርግ ስል «አየሁ በል» ብለው እርሳሴን ያዙ። ለእሳቸው ብቻ ነጥብ ሰጠሁ። ይህ ደንብ መጣስ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ።

ቁጥር የሚወዱ ወጣቶች ሌላ መንገድ ይዘው ይመጣሉ። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ለመብራት ኃይል 24 ግብ አገባ፤ ጌታነህ ከበደ በ2009 ለደደቢት 25 አድርጎ ክብረ ወሰኑን ወሰደ፤ አቡበከር ናስር በ2013 ለኢትዮጵያ ቡና 29 አግብቶ ሁለቱንም አለፈ፣ ቀጥሎም ደቡብ አፍሪካ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገባ። እና አቡበከር ይቅደም ይላሉ። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን መረጣ ላይ 29 ግብ ያገባ አጥቂ ሊቀድም የሚገባው ሌላ አጥቂ ሲያልቅ ነው፤ ቁጥሩ ከጎኑ ማን እንደቆመ አይናገርም። ሽመልስ በቀለን መሐል ላይ አስቀድሞ የያዘ ሰው ከሦስቱ የትኛው ቢደርሰው ግብ ያገኛል። ሽመልስ የሌለው ሦስቱንም ቢሰበስብ ኳስ የሚያደርስላቸው ሰው ሊፈልግ ነው።

ሌሎች ደንቦችም ተጨምረዋል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል፤ አቶ ይድነቃቸውን አሠልጣኝ ያደረገ አጥቂ ሊያደርጋቸው አይችልም። እሳቸው በ1928 በተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከመነሻው ጀምረው ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተው፣ ብሔራዊ ቡድኑን ለዋንጫ አብቅተው፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካን እግር ኳስ መርተዋል፤ በየትኛው ወንበር ይቀመጡ የሚለው ክርክር ብቻውን አንድ ጀበና ይጨርሳል። ሎዛ አበራን በተመለከተ ክርክር የለም፤ ይፈቀዳል። ጠረጴዛው ላይ ሴት ልጆች መቀመጥ ከጀመሩ ወዲህ የዱራሜዋ ልጅ፣ በማልታው ቢርኪርካራና በንግድ ባንክ ግብ ስታዘንብ የኖረችው፣ ከወንዶቹ ጋር እኩል ትጠራለች። ከወንድ ጋር እንዴት ትሰለፋለች ያለ ሰው ነበር። ሞቶ የተቀበረ ሰው ወረቀት ላይ ከቆመ እሷ የማትቆምበት ምክንያት ምንድን ነው ተባለና ዝም አለ።

ፍርዱ ላይ ድምፅ አላስቆጥርም። ድምፅ ስንቆጥር የፈራጁ ዘመድ ያሸንፋል። ይልቅ ፈራጁ የአንዱን ቡድን ደካማ ቦታ ይጠቁማል፤ ባለቤቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይከላከላል። መከላከል ካቃተው ነጥብ ይነሳበታል። በዚህ መንገድ አሸናፊው ብዙ ጊዜ ዝና የሌላቸው ተከላካዮች የያዘው ነው፤ ሳላዲንን፣ መንግሥቱንና ሙሉጌታን አንድ ላይ የያዘው ሰው የግራ መስመሩን ሲጠየቅ ላብ ያጠምቀዋል።

አንድ ነገር ግን ስሌቴ አይገዛውም። አዲስ አበባ ላይ መረጣ ብታደርግ ሳላዲን አራተኛና አምስተኛ ዙር ድረስ ሊቆይ ይችላል፤ አጥቂ ሞልቷልና። አሶሳ ላይ ግን ሁለተኛውን ዙር አያልፍም። የመጀመሪያውን ቀን የመጣ እንግዳ ይህን አያውቅም፤ ቆይቼ እወስደዋለሁ ይልና ያጣዋል። የቦታ ዋጋ የሚባል ነገር አለ፤ ሰው የራሱን ልጅ ሌላ ሰው ወረቀት ላይ ማየት አይወድም። እኔም ብሆን እንደ መዝገብ ያዥ ስሕተት ነው እላለሁ እንጂ ሳላዲን ሳይጠራ ሦስተኛው ዙር ሲገባ አይቼ አላውቅም፤ ባይም ደስ አይለኝም።

የእኔን ፍርድ ለሚጠይቁኝ እነሆ። አራተኛው ወንበር ከደረሰኝ፣ ቀድመውኝ ካልሄዱ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎንና ደጉ ደበበን በአንድ ጊዜ እወስዳለሁ፤ አንዱ ሰረዝና ክብ፣ አንዱ ነጥብ። በሦስተኛው ዙር በረኛ። አጥቂ ከስድስተኛው ዙር በፊት አልጠራም። አንደኛው ወንበር ከደረሰኝ ግን ሉቺያኖን ብቻ ይዤ፣ ስድስቱ ስሞች ሲሄዱ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ከስድስቱ አንዱ ሳላዲን እንደሚሆን በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ።